አንድ ሚሊዮን አንድን ያካፈሉት የመምህርት ማስተዋል ወልደኢየሱስ የሕይወት ታሪክ

መምህርት ማስተዋል ወልደኢየሱስ ከአባታቸው ከመሪጌታ ወልደኢየሱስ ተሰማ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሚካኤል አየለ ኅዳር 6 ቀን 1949 ዓ.ም.፣ በቁስቋም ክብረ በዓል ዕለት፣ ጎንደር ቁስቋም ተወለዱ።

አባታቸው የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን ባሕረ ሐሳብ ያስተምሩ ነበር። ሴት ልጅ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር ስለማትቀመጥ ማስተዋልን እቤት ለብቻቸው አስተማሯቸው። የዓለምን ዘመን ለዐሥራ ዘጠኝ ሲያካፍሉ «ድርሻውን ልቀቂ፣ ቀሪውን ያዢ» ይሏቸው ነበር። ያዙ።

በ1968 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው ሳንጃ በሒሳብ መምህርነት ተመደቡ። በ1972 ዓ.ም. በአራዳ ልብስ ሰፊ የነበሩትን አቶ አስናቀው ፈንታን አግብተው ወደ ጎንደር ተዛወሩ፤ ህሩይንና ማርያማዊትንም ወለዱ።

በ1989 ዓ.ም. በተደረገ የተማሪዎች ውድድር 1,000,001 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ፣ ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር ለሌላ ቁጥር ያለ ቀሪ አይካፈልም ወይ፣ የሚል ጥያቄ ወጣ። የመምህርት ማስተዋል ተማሪ ሚስጥር የሻው «ይካፈላል» ብላ መለሰች። የእርማት ወረቀቱ «አይካፈልም» ስለሚል ተሰረዘባት፤ በዚያች አንዲት ጥያቄ ሽልማቱ አለፋት።

መምህርት ማስተዋል ወደ ኮሚቴው ሄዱ። ሰብሳቢው «ምነው መምህርት፣ መልሱ ከላይ የመጣ ነው እኮ!» አሏቸው። እሳቸውም «ቁጥር ላይና ታች የለውም። ይኸው ጠመኔ፣ ያካፍሉት» አሉ። ጠመኔውን የተቀበለ አልነበረም። የይቅርታ ደብዳቤ እንዲፈርሙ ተሰጣቸው። ከጽሑፉ በታች 101 × 9,901 ብለው ጽፈው ፈረሙበት።

ከደባርቅ ማዶ ወዳለ የደጋ ትምህርት ቤት ተዛወሩ። አቶ አስናቀው የስፌት መኪናቸውን ጭነው ተከተሏቸው። ሰብሳቢው «ያ ካልሆነ እውነተኛውን ብቸኛ ቁጥር ታምጣ» ብለው ስለላኩባቸው፣ መምህርት ማስተዋል 1,000,003ን ከአንድ ሺህ በታች ላሉት ለ168ቱም ብቸኛ ቁጥሮች በእጃቸው አካፈሉት። ሁሉም ቀሪ ተወ። 168ቱንም ስሌት ላኩ። መልስ አልመጣም። ከስድስት ዓመት በኋላ ወደ ጎንደር ተመልሰው፣ በ2009 ዓ.ም. በጡረታ እስኪገለሉ አስተማሩ። የእርማት ወረቀቱ ግን አልታረመም።

በኩላሊት ሕመም ሲታከሙ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ሆነው ዘንድሮን፣ 7517 ዓመተ ዓለምን፣ ሲያካፍሉ ሰንብተው እሱም ብቸኛ መሆኑን ነግረውናል። ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ68 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆችንና አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ዛሬ የሒሳብ መምህርት የሆነችው ሚስጥር የሻውም ከሐዘንተኞቹ ጋር ቆማለች።

በዚህ ወረቀት ላይ ከፎቶግራፋቸው ሥር ጥቅስ እንዳይጻፍ ተናዘዋል። በምትኩ የሚከተለው እንዲታተምና ለለቀስተኛው ሁሉ እንዲታደል አዘዋል፦

9,901 × 100 = 990,100
990,100 + 9,901 = 1,000,001

የሚስጥር መልስ ትክክል ነበር።

ዘመንን የሚቆጥር አምላክ ነፍሳቸውን ከቅዱሳኑ ጋር ይቍጠርልን። የተጠራጠረ ያባዛ።