ሳሌ የገባበት ሙዚቃ

ጥር 27
መሐል ሜዳ ከተማ ብርድ ነው። ሳሉም አልለቀቀኝ። የትምህርት ቤቱን ክላርኔቶች ወለወልኩ። የጡረታ ሰው ሌላ ምን ሥራ አለው?

ከሰዓት ርዕሰ መምህሩ ታዲዮስ መጣ። እንግዶች ሊመጡ ነው።
«ጋሼ ይሥሐቅ፣ የትንፋሽ ባንዱን ያዘጋጁልን። ዘንድሮ ግን ዘመናዊ ይሁን።»
ዘመናዊ ማለት ከልጆቹ ጋር ላፕቶፕ አብሮ ይጮኻል ማለት ነው።
«እንግዶቹ ካልወደዱትስ?»
«መሣሪያው ስቶር ይገባል። የሙዚቃ ክፍሉ ለስብሰባ ይፈለጋል።»
ስብሰባ ያነሰን ይመስል...

ጥር 29
የኮምፒውተር መምህሩ አንዷለም የሠራውን ድምፅ አሰማኝ። ላፕቶፑ ባትሪው ሞቷል፤ ያለ መብራት አይነሣም። ዝዝዝ... ጢው... ከዚያ ዝምታ፣ ከዝምታው በኋላ የልጆቹ ትራምፔት ይገባል።
«ይሄ ምንድን ነው ልጄ?»
«የነገ ድምፅ ነው ጋሼ።»
ነገ እንዲህ የሚጮኽ ከሆነ ዛሬ ምን አጠፋ? ቢሆንም ያላጠኑትን መናቅ ደግ አይደለም። ምቱን ቆጥሬ በወረቀት አሰፈርኩት።

የካቲት 2
መብራት የለም።

የካቲት 5
ዛሬም የለም። ልምምድ ግን አይቀርም። ላፕቶፑን እኔው ሆንኩ። በአፌ ዝዝዝ፣ በእጄ ምት። ቱባ የሚነፋው ከድር በሳቅ ትንፋሽ አጠረው።
«ቲቸር፣ ባትሪዎ ስንት ፐርሰንት ቀረው?»
«ካንተ ይቆያል። ንፋ።»
ዝምታው ላይ ሳሉ ያፍነኛል። ትራምፔት የምትነፋው ጽናት ግን አንድም ጊዜ አላዘገየችም። ጎበዝ ልጅ...

የካቲት 14
እንግዶች መጡ። መብራትም መጣ፣ እንደ እንግዳ።

ላፕቶፑ ዝዝዝ አለ። ጢው አለ። ዝምታው ሆነ። በእጄ ለጽናት ምልክት ሰጠሁ። አልገባችም። ደግሜ ሰጠሁ... ማንም አልገባም። ሁሉም አፌን ያያሉ። አንዷለም ላፕቶፑን አቆመው። ታዲዮስ በዚያ ብርድ ያልበዋል።

ጠጋ ብዬ «ምን ሆናችሁ?» አልኩ።
«ቲቸር፣ አልሳሉም እኮ» አለች ጽናት።

ለካ ስትገባ የኖረችው በሳሌ ነው! እኔ ደግሞ በእጄ የመራኋት መስሎኝ...

ደጃፍ እንደደረሰ ሽማግሌ ጉሮሮዬን ጠርጌ ሳልኩ። ትራምፔቱ ገባ። ክላርኔቶቹ ተከተሉ። ከድር ወለሉን አናወጠው።

ሲያልቅ ዋናው እንግዳ አንዷለምን ጨበጡት። «ያቺ ሳል መሳይ ድምፅ! እንዴት ያለች ረቂቅ ናት። በየትኛው ሶፍትዌር ሠራሃት?»
አንዷለም እኔን አየኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

የካቲት 17
ክፍሉ ተረፈ። ባንዱም።
ታዲዮስና አንዷለም ማይክ ይዘው ቤት መጡ።
«ጋሼ፣ ሳልዎን እንቅዳው። ከዚያ እርስዎ ይረፉ።»
ደጋግመው አሳሉኝ። አንዷ ተመረጠች። አመስግነው ሄዱ።

የካቲት 24
ሳሉ ለቀቀኝ። ቤት ተቀምጫለሁ። ከትምህርት ቤቱ በኩል በድምፅ ማጉያ ሳሌ ይሰማል። ምቷን አትስትም። ከእኔ ትሻላለች፣ እውነቱን ለመናገር።

ከዚያ ድንገት ጸጥ...

ጥቂት ቆይቶ ደጄ ላይ ሰው ሳለ። ሽማግሌ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ጽናት ናት።
«ቲቸር፣ መብራት ጠፋ። ልጆቹ ቆመው እየጠበቁዎት ነው።»

ጋቢዬን ደረብኩ፤ የወይራ ዘንጌን አነሣሁ። ሳሉ ግን የለም። መንገድ ላይ እየተለማመድኩ ሄድኩ።