ብቻቸውን የወደቁት ተማሪዎችሽ

ውድ ልጄ፣

ስደውልልሽ አታነሺም። አክስትሽ «ተኝታለች» ትለኛለች። በጠራራ ፀሐይ የሚተኛ አስተማሪ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ ደብዳቤ ቢያንስ ጆሮ ላይ አይዘጋም።

ለምን እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ በምድር ቤቱ፣ ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ የምታስተምሪበትን ክፍል ሊዘጋ አስቧል። በእሱ ቤት፣ እንግሊዝኛን በቡድን መማር ጊዜ ማባከን ነው። እንግዳ ተቀባዮቹ ብቻ ተመርጠው ለየብቻ አስተማሪ ይቀጠርላቸው፤ በር ጠባቂው፣ ክፍል አጽጂዎቹና ልብስ አጣቢዎቹ ወደ ሥራቸው ይመለሱ ባይ ነው። ከመወሰኑ በፊት ፈታኝ ፈለገና እኔን ጠራ። «ልጅህ መሆኗን አውቃለሁ፤ አንተ ግን የገዛ ልጅህንም ቢሆን ከመጣል አትመለስም ይሉሃል» አለኝ። ሌላ ሰው እንደ ስድብ ይቆጥረው ነበር። እኔ እንደ ምስጋና ተቀበልኩት።

አንቺ ወደ አክስትሽ ቤት ስትሄጂ ሻንጣሽን እንደያዝሽ በሩ ላይ ቆመሽ አንድ ነገር ብቻ አልሽኝ፤ «አባዬ፣ ብቻ ብቻቸውን ጠርተህ እንዳትፈትናቸው።»

ብቻ ብቻቸውን ጠርቼ ፈተንኳቸው። ዛሬም አልጸጸትም። ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት አንድ መምህር፣ አንድ ተማሪ፣ አንድ ጠረጴዛ ብዬ ነው። አንቺንም በወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ ያስተማርኩሽ እንደዚያ ነው፤ የጎረቤት ልጆች ውጭ ኳስ ሲራገጡ አንቺ ምላስሽን በጥርሶችሽ መሃል አድርገሽ ድምፅ ስትለማመጂ። ውጤቱ አንቺ ነሽ፤ ማንም አይከራከረኝም።

የስብሰባ ክፍሉን ሰጡኝ። ረጅም ጠረጴዛ፣ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ፣ ማንም የማይከፍተው የታሸገ ውኃ። እንግዳ ተቀባዮቹ አለፉ። ሌሎቹ ወደቁ፤ አወዳደቃቸውም አያምርም። ለዩኒፎርሙ ወርቃማ ክር ብላችሁ «ሻለቃ» የምትሉት በር ጠባቂ ሰላምታውን እንደ ንጉሥ ሰጥቶኝ፣ ስለ ሥራው ስጠይቀው ላቡ በኮሌታው ወረደ። ልብስ አጣቢዋ እትዬ መዳፏን ስታሻሽ ቆይታ አንድ ቃል ሳይወጣት ተነሥታ ሄደች። ከሁሉ ያናደደኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም ሲጨንቃቸው ወደ ጎን ዞር ይላሉ። በጎናቸው ያለው ግድግዳ ነው። ኩረጃ የለመዱ መስሎኝ ሻለቃን ተቆጣሁት።

«ጋሼ» አለኝ፣ «እኛ እኮ አፋችን ሲያዝ የሚያወጣን ጎረቤት ነው። የመምህርታችን ሕግ ነው።»

ከዚያም ሕግሽን አስረዳኝ። ክፍልሽ ውስጥ የተደናቀፈን ሰው ማንም ቁጭ ብሎ አያየውም፤ ጎረቤቱ ማንሣት አለበት። የሚያነሣው ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። በአማርኛ ሹክ ያለ ቆሞ ይማራል። ዕውር ለዕውር ቢመራራ መጨረሻው ገደል ነው አልኩት።

«ጋሼ፣ እኛ እንኳ አንዳንድ ዐይን አለን» አለኝ።

ስቄ አሰናበትኩት ብል ውሸት ነው፤ ተናድጄ አሰናበትኩት። ሆኖም ያልፈተንኩትን ነገር ወድቋል ብዬ መፈረም ልማዴ አይደለም። በማግስቱ ሻንጣ ይዤ መጣሁና፣ ዛሬ እንግዳ ነኝ፣ አማርኛ የሚባል አልሰማም አልኳቸው። ሥራ አስኪያጁ ደረጃው ላይ እጁን አጣምሮ ቆመ።

ቁጣውን ማስመሰል አላስፈለገኝም፤ እናትሽ ምስክሬ ናት። ክፍሌ ቀለም ይሸታል፣ ለእጥበት የሰጠሁት ሸሚዝ አልተመለሰም፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደኝ መኪና ደርሷል እያልኩ በእንግሊዝኛ አወረድኩባቸው። ትናንት አንደኛ የወጣችው እንግዳ ተቀባይ ምላሷ ተሳሰረ። ትናንት የጮኸባት አልነበረማ። ዞር አለች፤ በዚያ በኩል ሻለቃ አለ። ዓረፍተ ነገር መሥራት አይሆንለትም እንጂ ጆሮው አይስትም። «ቀለም፣ ሸሚዝ፣ መኪና» ብሎ በእንግሊዝኛ አቀበላት። የቀለሙን ነገር ክፍል አጽጂዋ ተቀበለችና የትኛው ክፍል ነፃ እንደሆነ ተናገረች። እንግዳ ተቀባይዋ ነፍስ ዘራች፤ የእነሱን ቁርጥራጭ እየቀጠለች ሙሉ ንግግር አደረገችው። ምድር ቤት ሲደውሉ እንኳ የደወሉት በእንግሊዝኛ ነው።

እትዬ ሸሚዜን በማንጠልጠያ ይዛ ወጣች። ኮሌታው እንደተጨማደደ ጮኼ ነገርኳት። ወደ ጎን ዞር አለች። አጽጂዋ አንዲት ቃል ጣል አደረገችላት። እትዬ በዚያች ቃል ላይ የራሷን ጨመረችበት፤ እርስዎ ይቀመጡ፣ መኪናው ይጠብቅዎታል፣ እኔ አሁን ተኩሼው እመጣለሁ አለችኝ። ግሡን በትክክል አላስቀመጠችውም። እኔ ግን ተቀመጥኩ። ሰው ተቀመጥ ብሎኝ የተቀመጥኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

ሥራ አስኪያጁ ከደረጃው ወርዶ፣ ያው ተደጋግፈው ነው፣ ለየብቻ ሲቆሙ ባዶ ናቸው አለ። ለየብቻ የሚቆሙት የት ነው ብዬ ጠየቅኩት። ሆቴሉ ውስጥ እንደዚያ ያለ ቦታ ካለ ያሳየኝ። ከዚያ ፈገግ ብሎ «የአባት ልብ ነው የሚናገረው» አለኝ። ያኔ የእውነት ተቆጣሁ። ሳይገባው ያሳለፍኩትን አንድ ሰው ስም ጥራ አልኩት። ብዕሩን አወጣ።

ክፍሉ አይዘጋም። ሁሉም ይማራሉ፤ እትዬም ጭምር። ፈርሟል።

እንከን የለብሽም ግን አላልኩም። ተማሪዎችሽ ሁሉ አንድ ዓይነት ስሕተት ይሳሳታሉ፤ አንዱ ለአንዱ እንደ ጉንፋን ያጋባዋል። ይህን በሽታ ቡድን አያድነውም። እያንዳንዱ ከአንድ ጨካኝ ሰው ጋር ፊት ለፊት መቀመጥ አለበት። ይህንንም ለሥራ አስኪያጁ ነግሬዋለሁ፤ የሚሠራውንም ሰው ጠቁሜዋለሁ። በማን ሥር ሆነህ ልትሠራ ነው ሲለኝ በመምህርቷ ሥር አልኩት።

ልጄ፣ እኔ በጠረጴዛዬ ላይ አንዲት ተናጋሪ አወጣሁ። አንቺ እርስ በርስ የሚደጋገፉ ሰዎች አወጣሽ። እኔ ይህን አላስተማርኩሽም፤ ከራስሽ ያመጣሽው ነው። ኮርቼብሻለሁ። ይህን በስልክ ልነግርሽ ነበር፤ አክስትሽ ተኝታለች አለችኝ።

ሰኞ በጊዜ እመጣለሁ። ከየትኛው ተማሪ እንደምጀምር አንቺ ወስኚ።

ረዳትሽ፣
አባትሽ