የሽማግሌዎች ባሊስትራ

ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ መባቻ

ለተከበሩ የጌዲዮን እናት፤

ከሁሉ አስቀድሞ ለንስሓ አባትዎ መስቀላቸውን ተሳልሜ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቀጥሎ ለእናትዎ ዕድሜና ጤና እመኛለሁ። ከዚያም ለእርስዎ፣ በመጨረሻም በግቢዎ ላሉት ሁሉ እንደየማዕረጋቸው ሰላምታዬ ይድረስልኝ። የጉልበትዎ ቁርጥማት እንዴት ሆነ? አዝመራውስ ከአውድማ ገባ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከዳኝነቱ በጡረታ ብሰናበትም ሽምግልናው አላሳረፈኝም፤ ለነገሩ ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት መዋልን ብዙም አልወድደውም።

በመስቀል ሰሞን የላኩብኝን አደራ አልዘነጋሁም። «የአባቱን መኪና በመጋዝ ቆራረጠው አሉኝ፤ እውነተኛ ሥራ ከሆነ ይንገሩኝ፤ ጨዋታ ከሆነ ግን ብረቱን ጥሎ ይምጣ፤ እዚህ እስቴ የተገኘለት የመንግሥት ሥራ ከገና በላይ አይጠብቀውም» ብለውኝ ነበር። እኔ የምለውን እንደሚቀበሉም ነገሩኝ። ሰው የሚያምነው ቃል ይከብዳልና ሳላይና ሳላጣራ ልጽፍ አልወደድኩም። መዘግየቴን በዚህ ይረዱልኝ።

የሰሙት ውሸት አይደለም። ነፍስ ኄር ባለቤትዎ ይነዱት የነበረው፣ በጓሮዎ ዶሮ ይታቀፍበት የነበረው ላንድሮቨር በእርግጥ ተቆርጧል። ሻንሲው፣ ማለትም መላውን መኪና የሚሸከመው የብረት አከርካሪ፣ ዝገት ስለበላው ጌዲዮን ጥሎታል። በምትኩ አዲስ ሠራ። ሁለት ረጃጅም ብረቶችን ጎን ለጎን አጋድሞ ከጥግ እስከ ጥግ በሲባጎ እየለካ፣ የብየዳው ሙቀት እንዳያጣምማቸው አንድ ጊዜ ከቀኝ አንድ ጊዜ ከግራ እየነካካ ሲያጋጥማቸው ቆሜ አይቻለሁ። ከተገለበጠ ቶዮታ የተገኘ ሞተር አሳረፈበት። መኪናው ዝቅ ያለ፣ አፍንጫው ረዘም ያለ፣ በአገራችን መልኩ ያልታየ ነው። የአባቱን መኪና ግንባርና መቀመጫ ግን አልነካም። ባለቤትዎ እስቴ ወንዝ ሲሻገሩ ድንጋይ መትቶ የተዋት ጎድጓዳ እንኳ በቦታዋ አለች፤ ቀለም ብቻ ቀባት።

ከእርሱ ጋር የምትሠራ ፍቅርተ የምትባል በያጅ አለች፤ እጇ ጎበዝ ነው፤ ምላሷም አይሰንፍም።

አሁን ወደ ችግሩ ልመለስ። ባሊስትራ የሚባለው፣ ከሻንሲው ሥር ተደራርቦ የመንገዱን ጉድጓድ እየታጠፈ የሚውጥ የብረት ዝርግ ነው። ጌዲዮን ለቀላል መኪና የሚበቃውን ያህል ደርቦ ነበር። ጋራዡ ግን መንገድ ዳር ነው፤ የእኛን አገር ሰው ደግሞ ያውቁታል፤ የሚሠራ ሰው አይቶ ሳይመክር አያልፍም። መሪጌታ ገብረ ሕይወት የቤተ ክርስቲያን በር ማጠፊያ ሊያስበይዱ ከቤተ ልሔም ደብር መጥተው፣ «ልጄ፣ ዳገቱን አይተኸዋል? አንድ ጨምርበት» አሉት። ጨመረ። እህል ነጋዴዋ ወይዘሮ አሰለፈች፣ ገብስ ሲጫንበት ምን ሊሆን ነው ብለው ጠየቁት። ገብስ እንደማይጭን በትሕትና ቢያስረዳቸው፣ «መኪና ሆኖ ገብስ የማይጭን? በሬ ሆኖ የማያርስ በለኛ!» አሉት። ጨመረ። እኔም ከመካሪነት አልጎደልኩም፤ የስማዳን መንገድ አንስቼ አስፈራራሁት። ለእኔም ጨመረ። ለታላቅ መልስ መስጠት ነውር መሆኑን እርስዎና አባቱ አጥብቃችሁ አስተምራችሁታልና ለመጣው ሁሉ እሺ ሲል ከረመ። ፍቅርተ ብቻ ከመኪናው ሥር አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ይኼ ባሊስትራ አይደለም፤ የሽማግሌ ሸንጎ ነው። አንዱም አያጎነብስም» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

በኅዳር አጋማሽ ለሙከራ በወገዳ መንገድ ወጣን፤ ጌዲዮን እየነዳ፣ እኔ ከጎኑ፣ ፍቅርተ በባጃጅ ከኋላ። በመጀመሪያው ቦይ መኪናው እንደ ፍየል ዘለለ። ባርኔጣዬ ከገደል ገባ። አህያ የሚነዱ አንድ ሰው አህያቸውን ትተው ወደ ማሳ ሸሹ። ጥቂት እንደሄድን ከሥራችን ጓ የሚል ድምፅ ተሰማና መኪናው ወደ ቀኝ አጋደለ። ባሊስትራውን ከሻንሲው ጋር የሚይዘው ብረት ተቀድዶ ነበር።

ጌዲዮን ወርዶ እጁን በአባቱ መኪና ግንባር ላይ አሳረፈ። «ለእናቴ ይጻፉላት። ሥራ አልሆነም ይበሏት» አለኝ።

እውነቱን ለመናገር፣ ያን ቀን ብጽፍ ኖሮ ያንኑ በጻፍኩ ነበር። ፍቅርተ ግን ከሥሩ ገብታ አይታ አቧራዋን እያራገፈች ወጣች። ብየዳው እንዳለ መሆኑን፣ ባሊስትራው አልታጠፍ ስላለ የመንገዱን ምት ሁሉ ያ ብረት ብቻውን እንደ ተቀበለ ነገረችን። መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ የተጨመረውን መቀነስ። ጌዲዮን ግን እምቢ አለ። እሺ ብሎ የተቀበለውን የታላላቆች ምክር ከጀርባቸው መፍታት ከበደው። «ነገ በዚህ ሲያልፉ በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለ።

የመንግሥት ሥራ ከሚያመልጠው ይልቅ ይህ ጠባዩ የራሱን ሙያ እንዳያሳጣው ፈራሁ። ስለዚህ መካሪዎቹን ሁሉ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ጋራዡ ጠራኋቸው። እንደ ማንኛውም እርቅ አስቀመጥኳቸው፤ የተቀደደውን ብረት መሐል አኖርኩት። ልጁ እንዳልበደለን፣ ይልቁንም እኛን አክብሮ እንደ ተጎዳ ገለጥኩ። መሪጌታ ብረቱን አንስተው አገላበጡና፣ «ምክራችን ከልጁ ትከሻ በላይ ሆኗል፤ እኔ የእኔን አንሥቻለሁ» አሉ። መፍቻውንም ተቀብለው የመጀመሪያውን ቡሎን ራሳቸው ፈቱት። እኔም ተከተልኩ። ወይዘሮ አሰለፈች ግን የእኔ አትነካ ብለው ብዙ ተከራከሩ። በመጨረሻ፣ ሲያልቅ ቀድመው ሊሳፈሩበት ቃል አስገብተው ለቀቁ፤ ብረታቸውንም ይዘው ሄዱ። ዛሬ የመጋዘናቸው በር መደገፊያ ነው።

ጌዲዮን መያዣውን እንደገና ሠራ። በመጀመሪያ በካርቶን ቆርጦ ለካ፤ ከዚያ ከወፍራም ብረት አወጣው፤ በቡሎን አስሮ ቀጥ ማለቱን ሳያረጋግጥ አልበየደውም። መብራት በጠፋ ቁጥር እየጠበቁ ሰነበቱ። ባለፈው ቅዳሜ፣ ወይዘሮ አሰለፈችን በቃላችን መሠረት ቀድመን ካንሸራሸርን በኋላ፣ በዚያው መንገድ ወገዳ ደረስን። ድንጋዩ ድንጋይ፣ ቦዩም ቦይ ነው፤ መኪናው ግን እያጎነበሰ አሳለፈን። ለሰርግ መኪና የሚያከራዩ አንድ የደብረ ታቦር ሰው ገበያው መሐል አይተውት እንዲህ ያለ ለእኔም ይሠራልኝ ብለው ተዋውለዋል።

እንግዲህ ቃሌ ይህ ነው። የልጅዎ ሥራ ጨዋታ አይደለም። የተበላሸውን የሚያውቅ፣ ያወቀውንም የሚያርም ሰው ሆኗል። በእኔ በኩል፣ እስቴ የተገኘለት የመንግሥት ቦታ ለሌላ ቢሰጥ አልጸጸትም። የመጨረሻው ፈቃድ ግን የእናቱ ነው፤ እርሱም የእርስዎን መልስ እየጠበቀ ነው።

ፈቃድዎ ከሆነ ከጥምቀት በኋላ ሥራውን በዓይንዎ እንዲያዩት ወደ እስቴ ይዘነው እንመጣለን። የንስሓ አባትዎም በዚያ ቀን ባይለዩን እወዳለሁ፤ የማማክራቸው ጉዳይ አለኝ። የመሄጃውን ነገር ስንነጋገር ጌዲዮን ጎንበስ ብሎ ቡሎን እያጠበቀ፣ «ስንመለስ መኪናውን እርስዎ ይንዱት፤ እኔ በሚኒባስ እመጣለሁ፤ ወንበሩ ሁለት ብቻ ነው» አለኝ። በሁለተኛው ወንበር ማን እንደሚቀመጥ አልጠየቅሁትም። ፍቅርተ ግን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትስቅ ነበር። ለማንኛውም መንጃ ፈቃዴን አሳድሻለሁ።

አደራዎን በእኔ ላይ ስለ ጣሉ ከልብ አመሰግናለሁ። ለልጅዎ ሥራ መቃናትን፣ ለቤትዎ በረከትን፣ ለእርስዎም ሙሉ ጤንነትን እመኛለሁ።

የቤትዎ የቆየ ወዳጅ