የፌንጣ ጉልበት

ግንቦት 28

ጠዋት ልምምድ፣ ከሰዓት እረፍት። ፌንጣ ካልሲውን መስኮቱ ላይ አስጥቶ ክፍሉ ሁሉ ሸተተ። "አውጣልኝ" ስለው "የጎል ሽታ ነው፣ ልመደው" አለኝ። አጥቂ ስለሆነ ላቡም ጎል ጎል የሚሸት ይመስለዋል። ከአንድ ሰፈር መጥተን ስድስት ዓመት በክለቡ ካምፕ አንድ ክፍል ተኛን፤ እኔ ግን ይሄን ሽታ አልለመድኩትም።

አሰልጣኙ ዛሬ አልጮኸብኝም። ሌላ ጊዜ "ምሰሶ! ወደ ኋላ! ምሰሶ፣ ተኝተሃል?" ሲለኝ ነው የሚውለው፤ ተከላካይ ስለሆንኩ ምሰሶ ብሎኛል። ዛሬ ስሜንም አልጠራም። ደህና ተጫውቼ ይሆናል... ካልተሰደብኩ ደህና ነኝ ማለት አይደል?

ሰኔ 4

ለቀቁን። እኔንም፣ ፌንጣንም።

በየተራ ነው ቢሮ ያስገቡን። አሰልጣኙ ወንበር ስቦ ሰጠኝ። ያኔ ገባኝ። እስከ ዛሬ ቢያመሰግነኝም ቢሰድበኝም ቆሜ ነው የምሰማው። "ጎበዝ ልጅ ነህ፣ ጨዋ ልጅ ነህ..." አለ። ጨዋ ሲለኝ ደግሞ ቁርጡን አወቅሁ። ዋናው ቡድን ለእኔ ቦታ ሰው ገዝቷል። "እሺ፣ አመሰግናለሁ" ብዬ ወጣሁ። አመሰግናለሁ! ለምኑ?

ፌንጣ ከኔ ቀጥሎ ገብቶ እየሳቀ ወጣ። "ከተስፋ ቡድን የተባረረ ሰው ምን ይባላል?"

"ምን ይባላል?"

"ተስፋ ቆራጭ!"

ራሱ ቀልዶ ራሱ ሳቀ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ቧንቧውን ከፈተ። ውሃው ሲወርድ ሲወርድ... በሩን ላንኳኳ አልኩና ተውኩት። ገብቼ ምን ልለው?

ሰኔ 6

ቤት ገባሁ። በአባዬ ፀጉር ቤት በኩል ነው ያለፍኩት። አባዬ አንድ ጡረተኛ ደንበኛውን እያስተካከለ ነበር። ቦርሳዬን አየ። ሁለቱንም ቦርሳ። ማሽኑን ግን አላቆመም።

"ኳሰኛው መጣ!" አለ ጡረተኛው በመስታወቱ ውስጥ አይቶኝ።

"ለእረፍት ነው" አለ አባዬ። ሳልነግረው። ሳልተነፍስ።

እህቴ ከሆስፒታል ተረኝነቷ ወጥታ ስትመጣ ነገርኳት። ነርስ ናት፣ ክፉ ወሬ ስትሰማ ፊቷ አይለወጥም። "አባዬ አውቋል" አለች።

"ካወቀ ለምን ለእረፍት ነው ይላል?"

"ማወቅና መቀበል አንድ ነው እንዴ?"

ሰኔ 19

ማንም አልደወለም። ስልኬ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ በእህቴ ስልክ ደወልኩበት። ይሠራል።

ሐምሌ 11

ፌንጣ ጎትቶ ልምምድ ወሰደኝ። "የሰፈር ቡድን እንዳይመስልህ፣ ሊግ ውስጥ አለ" ብሎኝ ነበር። አለ፣ አዎ... ከታች ነው እንጂ። ሜዳው ግማሹ ሣር፣ ግማሹ አሸዋ። ልብስ የምንቀይረው ዕቃ ቤት ውስጥ ነው፤ ሲሚንቶ ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ ታኬታዬን አሰርኩ።

አሰልጣኙ ቀን ቀን የዳቦ መኪና ይነዳል። ጋሼ ይሉታል። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ፤ መጀመሪያ ሽበት መስሎኝ ነበር። ክብ ሠርተን ቆምንና "አንተ ከየት ተባረርክ? አንተስ?" እያለ በየተራ ጠየቀን፤ የትውልድ ቦታ እንደሚጠይቅ ሰው። ሁሉም የትልቅ ክለብ ስም ይጠራል። አንዱ ከኛ ክለብ የሚበልጥ ሲጠራ ዞረን አየነው። ሰው በተባረረበት ክለብ ይቀናበታል? እኔ ቀናሁ።

"በሉ እንግዲህ" አለ ጋሼ። "እዚህ ያልተባረረ የለም። እኔም ተባርሬያለሁ። ማንም ማንንም አይንቅም። ሩጡ!"

ሮጥን። 

ነሐሴ 16

የምንታጠበው በባልዲ ነው። ፌንጣ ምንጊዜም መጨረሻ ነው የሚታጠበው፤ ሲኮራ ነው እያልን እንስቅበታለን። ዛሬ ፎጣዬን ረስቼ ስመለስ አየሁት። ግራ ጉልበቱ ጉልበት አይመስልም። እንደ ሊጥ ኩፍ ብሏል። ለካ በጨርቅ ጠፍሮ፣ ካልሲውን እስከ ላይ ስቦ ነው የሚጫወተው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ካምፕ እያለን።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርህ ታሽልኝ ነበር?" ሊስቅ ሞከረ። ከዚያ እጄን ያዘኝ። "ለማንም እንዳትናገር። በእናቴ ይዤሃለሁ። ሐኪም ካየኝ አቁም ይለኛል። ካቆምኩ ማን ያስታውሰኛል?"

እህቴን የሰው ስም ሳልጠራ ጠየቅኋት። "ጅማቱ ተጎድቶ ይሆናል" አለች። "ዝም ብሎ ከተጫወተበት አንድ ቀን ይበጠሳል። ማን ነው?"

"አንድ ልጅ ነው።"

"ፌንጣ ነው" አለች።

መስከረም 9

ሆድ ይፍጀው ብዬ ከረምኩ። ፌንጣን ሦስት ጊዜ ለመንኩት። "ነገ እታያለሁ" ይላል። ነገ የሚባል ሐኪም ያለ ይመስል።

ዛሬ ኮርነር ሲሻማ ዘለለ። አዘላለሉ ያው ነው፣ ስሙን ያወጣለት ዝላይ። ሲያርፍ ግን በአንድ እግሩ ብቻ አረፈ። ፊቱ አመድ ሆነ። ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብናገር ከዳተኛ፣ ዝም ብል ደግሞ... ምን እንደምባል አላውቅም።

ለጋሼ ነገርኩት። የዳቦ መኪናው መወጣጫ ላይ ቁጭ ብሎ ሰማኝ። "ጥሩ አደረግህ" አለኝ። ጥሩ ያደረገ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚሰማው?

መስከረም 11

ጋሼ ፌንጣን "ሐኪም አይቶህ ወረቀት ካላመጣህ ሜዳ አትገባም" አለው። በሁሉም ፊት። ለብቻው ቢለው ምን ነበረበት?

ፌንጣ ጋሼን አላየውም። እኔን ነው ያየኝ። ታኬታውን በክሩ አንጠልጥሎ ወጣ። በሩ ድረስ ተከተልኩት።

"ለአንተ ብዬ ነው" አልኩት።

"ለኔ ብለህ?" አለ። "ስድስት ዓመት አንድ ሰው ብቻ ነው ያመንኩት። ወንድሜ ብዬህ ነበር እኮ።"

ብዬህ ነበር... ነበር።

መስከረም 20

እኛው ሊግ ውስጥ ያለው የማዶ ሰፈር ቡድን ፌንጣን አስፈርሞታል። እዚያ ወረቀት የሚጠይቅ የለም። ሸሽጎ ይጫወት የነበረው ልጅ አሁንም ሸሽጎ እየተጫወተ ነው። የተለወጠው እኔን አለማናገሩ ብቻ ነው። ታዲያ የተናገርኩት ለምን ነበር?

ጥቅምት 17

ፀጉር ቤቱን ስጠርግ አንድ ደንበኛ "ይሄ እረፍት አላለቀም እንዴ?" አለ። ሳቀም። እኔ መጥረጊያውን ይዤ ቀረሁ።

አባዬ ማሽኑን አጠፋ። "ለቀውታል" አለ። "ልጄን ክለቡ ለቆታል። አሁን ከዳቦ ነጂው ቡድን ጋር ነው የሚጫወተው።" ከዚያ ማሽኑን አብርቶ "ጢሙንስ ልቀንሰው?" አለው።

ሰውየው ተስተካክሎ ወጣ። ከወጣ በኋላ አባዬ ፎጣውን እያራገፈ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ "ለእረፍት ነው ያልኩት ላንተ እንዲቀልልህ መስሎኝ ነበር" አለኝ። "ለኔ ነበር ለካ።"

የጠረግሁትን ደግሜ ጠረግሁ።

ኅዳር 21

ነገ ከማዶ ጋር ነን። ከሌላ ከተማ የሁለተኛው ሊግ ክለብ ተጫዋች መልማይ ሊያይ ይመጣል ተብሏል። የሚመጣው ፌንጣን ፈልጎ ነው፤ ሰባት ጎል አግብቷል። በዚያ ጉልበት!

ጋሼ ነጠል አድርጎ ወሰደኝ። "አንተ ነህ የምትይዘው" አለኝ። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየ "ግራው ነው አይደል የሚያመው? በግራው እንዲዞር አድርገው። እንዲነካ አላልኩም። እንዲዞር ብቻ" አለ።

"እሺ" አልኩ።

ለሁሉም ሰው እሺ ነው የምለው። ለአባራሪዬም እሺ ብዬ ነው የወጣሁት።

ኅዳር 22

 እንደምንም ልጻፈው።

ከመጀመሩ በፊት ስንጨባበጥ ፌንጣ ጣቶቼን ነካ አድርጎ አለፈ። መልማዩ አጥሩ ሥር ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ኮፍያ ያደረገ ዝምተኛ ሰው።

ከእረፍት በፊት ፌንጣ ኳስ ይዞ ፊት ለፊት መጣብኝ። ግራውን ልሰጠው ይገባ ነበር፤ በግራው እንዲዞር። እግሬ እምቢ አለ። ቀኙን ከፈትኩለት። አለፈኝ፣ መታው፣ ጎል። አውቄ ነው? ቀድሞኝ ነው? እግዜር ይወቀው። ጋሼ ከመስመሩ ዳር "ምሰሶ! ምን ነካህ!" እያለ ጮኸ።

ከእረፍት መልስ ረጅም ኳስ መጣ። ፌንጣ ዘለለ። እኔ ከጀርባው ነበርኩ፣ አልነካሁትም። ሲወርድ ግራው ቀደመ። አንድ ነገር ቋ ሲል ሰማሁ። ሌላ ሰው የሰማው አይመስለኝም።

ዳኛው ፊሽካ እየነፋ ወደኔ ሮጠ፣ እጁ ኪሱ ውስጥ። ፌንጣ መሬት ላይ እየተንከባለለ፣ ሣሩን እየነጨ ጮኸ፦ "አልነካኝም! ዳኛ፣ አልነካኝም! ካርድ እንዳትሰጠው!"

የጉልበቱ ጅማት ተበጥሶ... ስለኔ ካርድ ያስባል።

አምቡላንስ ጠበቅን፣ የለም። በጋሼ መኪና ወሰድነው። የዳቦ ሳጥኖቹን ወደ ዳር ገፍተን አስተኛነው። ጭንቅላቱን ጭኔ ላይ አደረግሁ። መኪናው ገና ትኩስ ዳቦ ይሸታል። ጉድጓድ ባለፍን ቁጥር ማልያዬን ይጨመድደዋል።  እኔ "አይዞህ" ከማለት በቀር... አይዞህ ምን ያደርጋል? ከመጋረጃ አይሻልም። ጉዱን አይጠግን፣ ይሸፍናል እንጂ።

ኅዳር 24

እህቴ ተረኛ ስለነበረች ከሐኪሙ ሰምታ ወጣች። ፊቷ የማይለወጠው እህቴ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ጓንቷን ማውለቅ አቃታት።

"ይራመዳል" አለች።

"ይጫወታልስ?"

"ይራመዳል አልኩህ እኮ።"

ላየው ገባሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። እናቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ "ደክሞት ነው የኔ ልጅ፣ ሌላ ቀን" አለችኝ። የምታባርረኝ እየለመነችኝ ነው። ወጣሁ።

ታኅሣሥ 8

መልማዩ ደወለ። መጀመሪያ የተሳሳተ መስሎኝ "ፌንጣ ሆስፒታል ነው" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ። "የምፈልገው አንተን ነው።"

"ጎል አስገብቶብኛል እኮ።"

"አይቻለሁ። የቀረውንም አይቻለሁ። አጥቂ ፍለጋ ነበር የመጣሁት፣ ባዶ እጄን ከምመለስ..." ብሎ አቆመ። ሐቀኛ ሰው ነው። ከእጅ አይሻል ዶማ ብሎ ነው የወሰደኝ።

ስልኩን ዘግቼ ደስ እንዲለኝ ጠበቅሁ። ስድስት ዓመት የጠበቅሁት ስልክ ነው። ደስ አላለኝም። ደስ ቢለኝስ? ያኔ ምን ዓይነት ሰው ልሆን ነው?

ታኅሣሥ 19

ፌንጣ ቤት ሄድኩ። "ተኝቷል" አለች እናቱ።

ታኅሣሥ 27

ሄድኩ። "ተኝቷል የኔ ልጅ።" ብርቱካን ትቼ መጣሁ።

ጥር 5

ጋሼን "የሱን ቦታ ነው የወሰድኩት፣ ባልሄድስ?" አልኩት።

የመኪናውን መስታወት ሲወለውል ነበር። "ብትቀር ጉልበቱ ይድናል?"

"አይድንም።"

"ብትሄድ ልቡ ይቆስላል?"

"አዎ።"

"ብትቀርም ይቆስላል" አለ። ጨርቁን ጨመቀው። "እኔ በግራው አዙረው ያልኩህ ሰውዬ ነኝ፤ ምክር ከኔ አትጠይቅ።" ከዚያ በኋላ መኪናውን አብረን ወለወልን።

ጥር 14

ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። አባዬ ፀጉሬን አስተካክሎልኛል፣ እህቴ ቦርሳዬን አዘጋጅታለች። ለፌንጣ ግን አልነገርኩትም። ከሌላ ሰው እንዳይሰማው ብዬ ከሰዓት ሄድኩ።

እናቱ በሩን ገርበብ አድርጋ "ተኝቷል" አለች። ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ከውስጥ ቴሌቪዥን ይሰማል። የድሮው ክለባችን ጨዋታ። ሁለታችንም የሰማነውን እንዳልሰማን ሆንን።

"ልንገርልሽ ወይ የምትይው ካለ..." የማወራው ተምታታብኝ። "ማለቴ... እጠብቀዋለሁ፣ እማማ። እስኪነቃ።"

"ብርድ ነው ልጄ።"

"ግድ የለም።"

በሩን ዘጋች። መስኮቱ ሥር ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። የጨዋታ አስተላላፊው ድምፅ ይሰማል እንጂ ቃሉ አይለይም። ማን ኳስ እንደያዘ፣ ማን እንደሳተ... ጆሮዬን ወደ ግድግዳው አስጠጋሁ። ተውኩት።

ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከፍ አለ። እንደገና ከፍ አለ። ውስጥ ላለ ሰው ከሚበቃው በላይ። ቃሉ ሁሉ ደጅ ድረስ ጥርት ብሎ ይሰማል። እናቱ "ምነው፣ ጆሮዬን!" ስትል ሰማሁ።  ፌንጣ ግን ዝቅ አላደረገውም።

ጨዋታው እስኪያልቅ ተቀመጥኩ። ቴሌቪዥኑ ጠፋ። 

"ጠዋት እሄዳለሁ" አልኩ ለመስኮቱ። "ያ መልማይ ነው የወሰደኝ።"

 ከዚያ ክራንች ወለሉን ሲመታ... አንዴ፣ ቆም፣ እንደገና። መጋረጃው ጋ ደርሶ ቆመ። መስኮቱን አልከፈተውም። እኔም አልጠራሁትም። እሱ ከመስኮቱ ወዲያ፣ እኔ ከመስኮቱ ወዲህ፣ እስኪበርደኝ ድረስ እንዲሁ ቆየን።