የሐዋ እናት ጉንጭ

ማክሰኞ

እማ ዛሬም «ፈካ አድርጊያት» አለችኝ። ሰርጉ ፎቶ ላይ ሐዋን ማለቷ ነው፤ የወንድሜን የሰዒድን ሚስት። ቅዳሜ አጎቴ የሰርጉን አልበም ይዞ ወደ ወሎ ይሄዳል። ሰርጉ ላይ ያልተገኙት ዘመዶቻችን አሶሳ ድረስ የሚመጡ አይደሉም፤ ሙሽራዋን የሚያውቋት በዚያ አልበም ብቻ ነው። እማን እንቅልፍ የነሳት ይኸው ነው። «የዚህ አገር ልጅ መሆኗን ሲያዩ ምን ይላሉ? አንች ትንሽ ብርሃን ጨምሪላት» ትለኛለች። ፊት ለፊት ሲገናኙ ግን «ልጄ» ነው የምትላት።

አልበሙን የምሠራው እኔ ነኝ፤ የቀረኝ የመጀመሪያው ገጽ ነው፤ የሁለቱ ቤተሰብ ገጽ። ፎቶዎቹን በኮምፒውተር አቀናብሬ፣ አትሜ፣ ጥቁሩ ወፍራም ወረቀት ላይ እለጥፋለሁ። ዙሪያውን ሪባንና የደረቀ አበባ።

ሐዋ ከሰዓት በኋላ መጥታ የእናቷን ፎቶ በሚሞሪ ካርድ ሰጠችኝ። እናቷ ከሞተች ቆይታለች። ፎቶው የተነሳበት ስልክ ተሰብሮ ተጥሏል፤ ከዚህች ካርድ በቀር ሌላ ቦታ የለም። «እናቴ መሃል ይሁን፣ እሺ እህቴ?» አለችኝ። ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» የምትልበት አማርኛዋ ያስቀኛል። አልሳቅሁባትም፤ ግን ያስቀኛል።

ረቡዕ

ሐዋን አፈካኋት። መጀመሪያ ለእማ ብዬ ጥቂት። እማ ከኋላዬ ቆማ «ጨምሪ፣ ጨምሪ» እያለች የደሴ ልጅ እስክትመስል አደረስናት። «አሁን ሰው መሰለች» አለች እማ። ሰዒድ በትከሻዬ በኩል አየና ስልኩን መጎርጎር ቀጠለ። ባል ተብዬው።

የራሴንም ፊት አፈካሁ። የራሴንማ ሁልጊዜ ነው። ልጅ ሆኜ ፎቶ ስነሳ እማ «ፀሐዩ ፊት ቁሚ» ትለኝ ነበር፤ አሁን ፀሐዩን ራሴ እሠራዋለሁ።

ከዚያ የሐዋ እናት። እንደ ድሮዎቹ የዚህ አገር የበርታ ሴቶች ጉንጮቿ ላይ በልጅነቷ የተበጡ ሦስት ሦስት መስመሮች አሉ። እማ ስለ መስመሮቹ ምንም አላለችም፤ «ሴትየዋን ከመሃል አንስተሽ ዳር አድርጊያት» ብቻ ነው ያለችው። መስመሮቹን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። ፊቷን አጉልቼ፣ አንድ በአንድ፣ ከጎናቸው ካለው ቆዳ እየቀዳሁ ደፈንኋቸው። ንጹሕ ሥራ ወጣኝ። እዚያ ጉንጭ ላይ አንድ ነገር ነበር የሚል ሰው አይገኝም። ኮራሁ፣ እውነቱን ለመጻፍ።

ሐሙስ



ጠዋት ካርዱን ልመልስላት ብዬ ከፈትሁት። የሐዋ እናት ጉንጭ ካርዱ ላይም ለስላሳ ነው። ትናንት ፎቶውን ወደ ኮምፒውተሩ ሳልገለብጥ እዚያው ካርዱ ላይ ከፍቼ ሠርቼ፣ እዚያው ላይ ሴቭ አድርጌዋለሁ። ማታ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ፕሮግራሙ አብሮ ስለጠፋ ወደ ኋላ መመለሻ የለም። የጠፋ ፎቶ ፈልጎ ያወጣል የተባለ ፕሮግራም ጫንሁ። ያወጣልኝ አንድ የማንጎ ዛፍና የማን እንደሆነች የማላውቃት ፍየል ነው።

ለእማ ነገርኋት። «እና? አማረች እንጂ ምን ጎደለባት» አለች።

አርብ

ሐዋ ማንጎ በፌስታል ይዛ መጣች። ገና ሳትቀመጥ ስለ ካርዱ ጠየቀችኝ። ሥራው አላለቀም ብዬ ዋሸኋት። አመነችኝ። ማመኗ አናደደኝ።

ማንጎ እየላጠችልኝ ሳልጠይቃት ስለ እናቷ ታወራ ጀመር። ልጅ ሆና እንቅልፍ እምቢ ሲላት የእናቷን ጉንጭ በጣቷ ትዳብስ ነበር። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስት ላይ እተኛለሁ» አለችና በማንጎ እጇ የራሷን ጉንጭ ነካች። ጭማቂው ጉንጯ ላይ ቀረ።

ያኔ ልነግራት ይገባ ነበር። «ማንጎው ይጣፍጣል» አልኋት።

ቅዳሜ

ገጹን ለጥፌ እንደጨረስሁ ሐዋ መጣች። አልበሙን ከፊቷ ዘረጋሁላት፤ ሌላ ምን ላደርግ? ጣቷን በራሷ ፎቶ ላይ አድርጋ «ይህ ማን ነው?» አለች። አንቺ ነሽ አልኋት። ጣቷ ወደ እኔ ፎቶ ሄደ። «ይህስ?» እኔ ነኝ። ቀና ብላ ፊቴን አየችው፤ ከዚያ ፎቶውን። እናቷን መሃል ላይ ፈለገቻት፣ ዳር ላይ አገኘቻት። ጉንጯን ዳበሰችው። ጣቷ የሚቆምበት አጥቶ ተንሸራተተ።

«ካርድ ስጠኝ» አለች። ሰጠኋት። መስመሮቹ ካርዱ ላይም እንደሌሉ ነገርኋት።

«አንተ ነው ያጠፋ?»

አዎ አልሁ።   ከቦርሳዋ ኩሏን አወጣችና በመኳያው ጫፍ በእናቷ አንድ ጉንጭ ላይ ሦስት መስመር፣ በወዲያኛውም ሦስት አሰመረች።  ከዚያ ኩሉን ወደ እኔ ገፋ አደረገችው። «የኔን ፊት አንተ መልስ» አለችኝ።

ኩሉን እንደያዝሁ እማ አጎቴን አስከትላ ገባች። «ምን ነካው ይህ ገጽ?» አለችና በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። የፎቶ ወረቀት ኩል አይዝም፤ በአንድ ጥረጋ ለቀቀ። «ይኸው፣ ጸዳ።» ኩሉን መዳፌ ውስጥ ደበቅሁት።  አጎቴ አልበሙን በፌስታል ጠቅልሎ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ ሄደ።

ሐዋ ካርዱን በሻርፗ ጫፍ ቋጥራ ወጣች። ኩሏ እኔ ጋ ቀረ። ሰዒድ ምን ሆና ነው ብሎ ጠየቀኝ። ሚስትህን ጠይቃት አልሁት።

እሑድ

ቅንብሩን ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቼ የሐዋን እናት አጎላኋት። መስመሮቹን ልመልስ ሞከርሁ። እጄ ያውቃቸዋል። የመካከለኛው ረዘም ይል ነበር፤ የታችኛው ጫፉ ላይ ወደ ጆሮዋ ቀና ይላል። አንድ በአንድ ሳጠፋቸው ስለዋልሁ ከየት ጀምረው የት እንደሚያልቁ በዚህ ቤት የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ። ከሐዋ ሌላ የሚነግረኝም የለም፣ የሚያርመኝም የለም።

አትሜዋለሁ። ከኩሏ ጋር ጠረጴዛው ላይ አለ። ልወስድላት ሁለቴ ጫማዬን አጥልቄ ሁለቴም አወለቅሁ።