በእማዬ ስም

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

እንዴት ነሽ እህት ዓለም? ወገብሽ ጠና? ልጁስ በደንብ ይጠባል? ያስተኛሻል ወይስ እንደ አጎቱ ቀን ተኝቶ ማታ ነው የሚነቃው? ባልሽስ ሻይ ማፍላት ለመደ ወይስ አሁንም ውኃውን ያሳርረዋል? እኔ ጤናዬ ደህና ነው፣ ብቻ ደክሞኛል። ተኝተው ሲነሱ የማይለቅ ድካም አለ አይደል? እሱ ነው የያዘኝ። ደብዳቤውን የምትሰጥሽ አክስታችን ናት። ቶሎ አትመለስም፣ አንቺ ዘንድ ትሰነብታለች።

በወረቀት ስጽፍልሽ ሳይገርምሽ አይቀርም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የምውለው ሰውዬ ብዕር ይዤ ስታገል ብታዪኝ በሳቅ ትሞቺ ነበር። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው መስሏል፣ ታገሺኝ። ይህን ነገር ግን በዚያኛው መንገድ ልነግርሽ አልቻልኩም። ነገሩ እማዬ በየጠዋቱ መድረኩ ላይ ስለምትጽፍልሽ መልስ ነው። ከሥሩ ካልጀመርኩልሽ አይገባሽም።

እማዬ ጡረታ ስትወጣ ቤቱ ጠበባት። ዕድሜዋን በሙሉ ስልክ ስታገናኝ የኖረች ሴት ድንገት የሚጠራት ሲጠፋ፣ ጠዋት ተነስታ ለባብሳ መስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። አየሁና አላስችል አለኝ። ለእሷና ለድሮ የስልክ ቤት ጓደኞቿ በመሥሪያ ቤቴ ኮምፒውተር ላይ ትንሽ የመወያያ ድረ ገጽ ሠራሁላቸው። ፊደሉን አሳድግልኝ ስትል አሳደግኩ፣ ገና ነው ስትል አሳደግኩ፣ በመጨረሻ የዓይን ሐኪም ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ሰሌዳ አክሎ አረፈ። አየህ፣ አሁን ሰው የሚያነበው ሆነ አለችኝ።

እዚያ ገብተው መጀመሪያ ያደረጉት ምን ይመስልሻል? ፎቶ መለጠፍ? ሐሜት? እሱ በኋላ መጣ። መጀመሪያ መስመር ፈተሹ። በሥራ ዘመናቸው ፈረቃ ሲገቡ፣ ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት አንዷ ጣቢያ ሌላዋን ትሰሚኛለሽ ብላ ትጠይቃለች፣ ያቺኛዋ እሰማለሁ ትላለች። ያ ልማድ ከእጃቸው አልወጣም። በየጠዋቱ ቀድማ የነቃች ትሰሙኛላችሁ ብላ ትጽፋለች፣ ሌሎቹ እሰማለሁ እያሉ ይመልሳሉ። ረፋዱ ላይ ያልመለሰች ካለች ይደወልላታል። ካላነሳች ደግሞ ለቤቷ የምትቀርበው ሄዳ በሯን ታንኳኳለች። እርስ በርስ የሚጠራሩትም በድሮ ጣቢያቸው ቁጥር ነው። እማዬ ጣቢያ አንድ ናት። ሌላ ቁጥር ትቀበላለች ብለሽ ነው?

አንቺም እርግዝናሽ ከብዶ ሐኪሙ ከአልጋሽ አትነሺ ካለሽ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እየገባሽ የእሷን እሰማለሁ ማየት ጀመርሽ። እሱን ካየሁ ቀኔ ይቃናል ብለሽኛል። እኔን ያሰረኝም ይኸው ቃልሽ ነው።

እኔ እኮ ብዙ የሰው መሰባሰቢያ ሠርቻለሁ፣ እህት ዓለም። የኳስ ደጋፊዎችን፣ የሙሽሮችን፣ የመላጦችን ሳይቀር ሠርቻለሁ። ሁሉም ሲጀመር እንደ ጎረቤት ነው፤ ደህና አደራችሁ መባባል አለ፣ ምክር አለ፣ የተቸገረ ይረዳል። ትንሽ ሲቆይ አንዱ ሊሸጥ ይመጣል፣ አንዱ ሊሳደብ፣ አንዱ ለመታየት። ከዚያ ሁሉም ያወራል፣ የሚያዳምጥ ይጠፋል። እኔም አለቃዬ ቀለም ቀይር ሲለኝ ስቀይር፣ ቁልፉን ከግራ ወደ ቀኝ ውሰድ ሲለኝ ስወስድ ጸጉሬ ሸበተ። የእነ እማዬ ብቻ ሳይበላሽ የቆየው፣ እዚያ ውስጥ ልታይ ልታይ የሚል ስለሌለ ይመስለኛል። የሚፈልጉት አንዷ ሌላዋ መኖሯን ማወቅ ነው።

ታዲያ አለቃዬ አዲስ መሣሪያ ይዞ መጣ። ልጅ ነው፣ ከእኔ በዕድሜ ያንሳል፣ በየሳምንቱ አዲስ ነገር ይዞ ካልመጣ ያመዋል። ይህኛው ሰው የጻፈውን ሁሉ አንብቦ፣ ያ ሰው ዝም ሲል በእሱ ስም መልስ የሚጽፍ ነው። ዝም ያለ መድረክ የሞተ መድረክ ነው አለኝ። መጀመሪያ የአሮጊቶቹ ገጽ ላይ እንሞክረው፣ እነሱ አይከሱንም ብሎ ሳቀ። እኔም ደክሞኝ ነበርና እሺ አልኩ። ድካም እንዲህ ነው፣ ለሁሉ ነገር እሺ ያስብላል።

ሴቶቹ አፈ ቀላጤ አሉት። ስም ማውጣት ይችሉበት የለ! ፈቃዳቸውን መጠየቅ ነበረብኝና፣ ስትደክሚ እኔ ልመልስልሽ ወይ የሚል ገጽ ሠራሁ። እሺ የሚለውን ቁልፍ ትልቅና አረንጓዴ አደረግኩት። አይሆንም የሚለውን አሳንሼ፣ ግራጫ ቀብቼ ከሥር ወሸቅኩት። ሙያችን ይኸው ነው፤ ሰውዬው እኛ የፈለግነውን እንዲጫን መንገዱን ማለስለስ። የሚያቃጥለኝ ግን ሌላ ነው። ለእማዬ ኮምፒውተር ሳስተምራት፣ የማታውቂው ነገር ከመጣብሽ አረንጓዴውን ተጫኚ ያልኳት እኔ ነኝ። ተጫነችው። ሁሉም ተጫኑት፣ ከጣቢያ አምስት በቀር። እሳቸውም ብልህ ሆነው ሳይሆን ያን ቀን መነጽራቸው ጠፍቶባቸው ነው።

በነጋታው መድረኩ ደመቀ። ሁሉም በጊዜ ይመልሳል፣ የሚያረፍድ የለም። አለቃዬ የመልሱ ቁጥር ሲጨምር አይቶ አጨበጨበልኝ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ጣቢያ አምስት ወደ ቢሮዬ ደወሉልኝ። እናትህ ምን ሆናለች አሉኝ። ገጹን ከፈትኩና ኧረ ደህና ናት፣ ይኸው በጠዋቱ መልሳለች አልኳቸው። እሰማለሁ፣ መልካም ቀን ለሁላችሁ ይላል፣ ከጎኑ አበባ አለው። እናትህ ለማን ነው መልካም ቀን ተመኝታ የምታውቀው አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ እህት ዓለም። የእማዬ መልስ፣ እሰማለሁ፣ አንቺ ግን ዛሬም አርፍደሻል ነበር። እኔ ግን መሣሪያው ጨዋ አድርጎ ጽፎላት ይሆናል፣ እሷ ሥራ ይዛ ይሆናል እያልኩ ላረጋጋቸው ሞከርኩ። መልሱማ አለ፣ ሴትዮዋን ነው ያጣኋት ብለው ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።

በዚያ ጉልበታቸው ታክሲ ይዘው ሄዱ። ደረጃውን እየተቀመጡ ወጡ። ሲያንኳኩ የሚከፍት ሲጠፋ ጎረቤት ጠርተው ቁልፉን አሰበሩ። እማዬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ወድቃ ነበር። የለበሰችው የትናንትናውን የቤት ልብስ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋትም፣ የትናንትናውም ጠዋት መልሱ በስሟ በሰዓቱ ተጽፏል። እኔ ሐኪም ቤት ስደርስ ሐኪሙ ወደ ጎን ወሰደኝና፣ ትናንት አምጥታችኋት ቢሆን ኖሮ ብሎ ጀመረና ተወው። እኔም እዚህ ላይ ልተወው።

መሣሪያውን በዚያው ቀን ነቀልኩት። በማግስቱ እናንተ ቤት ሲነጋ የእሷን መልስ አጣሽና፣ እማዬ ምነው ዛሬ ብለሽ ጻፍሽ። ወዲያው ባልሽ ደወለልኝ። ደም ግፊቷ ወጥቷል፣ ሐኪሙ ድንጋጤ ሁለቱንም ያሳጣናል ብሏል አለኝ። እያለቀሰ ነበር፣ አትፍረጂበት። የእማዬ ሳሎን ለቀስተኛ ሞልቷል፣ ወንበር አልበቃ ብሎ ከጎረቤት ተለምኗል። አክስቴና ሌሎቹ ትልልቅ ሰዎች ተመካከሩና እስክትገላገል ይቆይ አሉ። እኔም የእማዬን መኝታ ቤት በር ከኋላዬ ዘጋሁና በስሟ ገብቼ፣ እሰማለሁ፣ ትራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ ብዬ ጻፍኩልሽ።

እህቴ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ ያነበብሽው ሁሉ የእኔ ነው። ጆሮዋን ስላመማት በስልክ አታወራም ያልኩሽም ውሸት ነው። ከመሣሪያው ግን እበልጥ ነበር፤ ቁጣዋን አውቅበታለሁ። ባልሽን ስሰድብልሽ፣ ምሳ ዘለልሽ ብዬ ስጮህብሽ፣ እማዬ እንደ ድሮዋ ሆነችልኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያን ያነበብኩ ቀን ቢሮ መጸዳጃ ቤት ገብቼ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ። በሰው ስም የሚጽፍ መሣሪያ ነቅዬ ጥያለሁ ባልኩ ማግስት እኔው ራሴ መሣሪያ ሆኜ አረፍኩት። ጉድ በይ!

ጓደኞቿ ላንቺ ሲሉ ዝም አሉ። ጠዋት ትሰሙኛላችሁ ይባላል፣ እኔ በእሷ ስም እሰማለሁ እላለሁ፣ ከእኔ በታች ለረጅም ጊዜ ማንም አይጽፍም። አንድ ቀን ጣቢያ አምስት እንደገና ደወሉ። አልተቆጡም፣ እንደሱ ለስለስ ብለው ሰምቻቸው አላውቅም። ልጄ፣ እኛ ዕድሜያችንን ሰውን ከሰው ስናገናኝ ኖርን እንጂ በሰው አፍ አውርተን አናውቅም አሉኝ። ትንሽ ቀን ይስጡኝ አልኳቸው። እሺ፣ ግን እህትህም ልጇ ናት፣ ማወቅ ይገባታል፣ አንተም ታሳዝነኛለህ አሉኝ።

ከዚያ ወለድሽ፣ እልል! ከደስታዬ ብዛት ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ ወጥቼ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን መድረኩ ላይ ገብተሽ፣ እማዬ፣ ለልጁ ማንም ስም እንዳያወጣለት ከልክያለሁ፣ አንቺ አውጪለት፣ እስክትነግሪኝ ማሙሽ እያልኩ እጠራዋለሁ አልሽ።

እዚህ ላይ አቃተኝ። ትራስሽን ከፍ አድርጊ ማለትና ለሰው ልጅ ስም ማውጣት አንድ አይደለም። ቆይ እያሰብኩ ነው ብዬ ጻፍኩልሽ፣ አንቺም አታካብጂው እያልሽ ቀለድሽ። ሲጨንቀኝ ምን አደረግኩ መሰለሽ? ያንኑ አፈ ቀላጤ ለብቻው ከፈትኩትና እማዬ በሕይወቷ መድረኩ ላይ የጻፈችውን ሁሉ ሰጥቼ፣ ለልጅ ልጇ ምን ብላ ስም ታወጣ ነበር አልኩት። ወዲያው መለሰ። ከምርቃት ጋር አንድ ስም ሰጠኝ። ጥሩ ስም ነው፣ እህቴ። እሷ እንኳ ብትሆን ከዚህ ሌላ አታወጣም ብዬ ልምል ምንም አልቀረኝም። ልልክልሽ እጄ ቁልፉ ላይ ነበር። ከዚያ ልጁ ታየኝ፤ አድጎ፣ ተማሪ ቤት ገብቶ፣ ስምህን ማን አወጣልህ ሲባል አያቴ ሲል። የማንም ያልሆነ ስም ተሸክሞ ሊኖር ነው። አጠፋሁት። ስሙ ማን እንደነበር አትጠይቂኝ፣ ቃሌ ነው፣ አልነግርሽም።

ይኸው ነው እህት ዓለም። ከዛሬ በኋላ ጠዋት ጠዋት በጣቢያ አንድ ስም የሚጻፍ ነገር የለም። ገጹ አይዘጋም፣ ሴቶቹ ይፈልጉታል፣ እኔም እጠብቅላቸዋለሁ፤ ገጹ ላይ እሺና አይሆንም የሚሉ ቁልፎችን ሁሉ እኩል አድርጌያቸዋለሁ። አለቃዬ አያምርም አለ። አይመር።

ተቀየሚኝ፣ ስደቢኝ፣ ብትፈልጊም እስኪበቃሽ አታናግሪኝ፣ አይከፋኝም። እህል ግን እንዳትተዪ፤ ወተትሽ ይነጥፍና ልጁ ይራባል። ባልሽንም ማሪው፣ ከእኔ እኩል ነው የተቃጠለው። ፈጣሪ ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ልጁ ይደግልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቃልሽ፣ የእናቱን ድምፅ እየሰማ ይኑር።

ስሙን ከማንም አትጠብቂ፣ እህቴ። አንቺ አውጪለት።

የሚወድሽ ታናሽ ወንድምሽ