አባባ በልቶ እስኪጨርስ

እሑድ፣ የካቲት 16 ቀን፣ ከቀትር በኋላ

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣ ለወፍጮ፦

እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን የምልህ ደብዳቤ እንደዚህ ስለሚጀመር ነው፤ ዝቅ ብለህ ስታነብ እውነቱን ትደርስበታለህ። ጽሑፌ ቢንጋደድብህ፣ አንዳንዱም ፊደል ወረቀቱን ሊቀድ ቢደርስ ታገሠኝ። ምክንያቱን ሳልነግርህ አልጨርስም።

ባለፈው ደብዳቤህ «እንኳን ደስ አለሽ፤ ከተሻለሽማ እኔም መምጣቴን ለከርሞ ላድርገው» ብለሃል። አልፈርድብህም። ተሻለኝ ብዬ የጻፍኩልህ እኔው ነኝ። ግን አልተሻለኝም ኖሯል።

እናታችን ካረፈች በኋላ አባባ እኔ ቤት ሲገባ ምን ያህል እንደፈራሁ ታውቃለህ። እሱን ሳይሆን ገበታውን ነበር የፈራሁት። ሰው ሲያኝክ፣ ሾርባ ሲምግ፣ ጉሮሮውን ሲጠርግ የሚደርስብኝን አንተም እያየህ ነው ያደግከው። ሰው ሁሉ «ጆሮዋ ስስ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ጆሮዬ ላይ ቢቆም መች ጠላሁ። መንጋጋዬ ይቆለፋል፣ ደረቴ ይግላል፣ እጄ የገባውን አንስቼ መወርወር ያምረኛል። ወዲያው ደግሞ በራሴ አፍራለሁ። ምን አደረጉኝ? በሉ እንጂ።

መሥሪያ ቤትም ያው ነው። መነጽር ቤቱ ጓዳ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የመስተዋት ጠርዝ ስሞርድ ማሽኑ ጆሮ ይበጥሳል፤ እኔ ግን አንድ ቀን አማርሬው አላውቅም። እንግዳ ተቀባይዋ እስክሪብቶዋን ቀጭ ቀጭ ማድረግ ስትጀምር ነው ደጅ የምወጣው። «ያንን ሁሉ ጩኸት ችለሽ የኔ እስክሪብቶ ነው የከበደሽ?» ትለኛለች። ነገሩ ለእኔም አልገባኝም።

አባባ እንደመጣ ሰሞን ጆሮዬ ውስጥ ጥጥ እወትፍና ፀጉሬን እለቅበታለሁ። አለዚያም ሥራ አለብኝ ብዬ ሰሃኔን ይዤ ወጥ ቤት እገባለሁ። እነዚያ ሰው ሠራሽ ጥርሶቹ በየጉርሻው ሲጋጩ ከግድግዳ ማዶ ይሰሙኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀስ በቀስ ረገበልኝ። ጥጡን አወጣሁ። ፊት ለፊቱ ተቀምጬ ራት በላሁ፣ እሱም አፉን በእጁ ከለል እያደረገ የከባድ መኪና ሾፌር ሳለ የገጠመውን እያወራልኝ እስኪያመኝ ሳቅሁ። በዚህ ዕድሜዬ ከሰው ጋር ቁጭ ብዬ ራቴን ስጨርስ የመጀመሪያዬ ነበር። ተሻለኝ ብዬ የጻፍኩልህ ያን ሰሞን ነው።

ታዲያ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ልብሱን ላጥብ ስል ቀበቶው ላይ በሚስማር የተበሱ አዳዲስ ቀዳዳዎች አየሁ። ልብ ብዬ ሳየው ለካ ሱሪው ከወገቡ አልይዝ ብሎታል። «እርጅና ነው» አለኝ። እየተጨቃጨቅን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ነርሷ መዘነችው፣ ቁጥሩን ስታይ ፊቷ ተለወጠ። አፉን አስከፈተችውና «አባባ፣ ጥርስዎ የት አለ?» ብላ ጠየቀችው።

ከኮቱ ኪስ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣ። ጥርሶቹ ናቸው።

«ለምን አያደርጉትም? ያምዎታል?»

«ኧረ አያመኝም። ቤት ውስጥ ያንኳኳል፤ ለዚያ ነው» አላት፣ እኔን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን እያየ።

ወንድሜ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር። ለካ እኔ ተሻለኝ የምለው እሱ እየተራበ ነው። ዳቦውን በሾርባ እያራሰ ሲውጥ፣ ሥጋውን ጠግቤያለሁ እያለ ወደ እኔ ሲገፋልኝ፣ እኔ ደግሞ ዕድሜ ምግቡን አሳነሰበት ብዬ ሰሃኑን ሳነሳ። ከሐኪም ቤት ስንወጣ መንገድ ላይ ተቆጣሁት። ለምን አልነገርከኝም አልኩት።

«አንቺስ መች ነገርሽኝ?» አለኝ። «ከልጅነትሽ ጀምሮ እኔ መብላት ስጀምር ውሃ ልቅዳ ብለሽ ትነሻለሽ። ያን ሁሉ ውሃ ማን ጠጣው?» ትንሽ ከተራመድን በኋላ ደግሞ «ፊት ለፊቴ ተቀምጠሽ ስትስቂ ሳይሽ ጊዜ ጥርሱን መልሼ ማድረግ አቃተኝ» አለኝ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ። መንገደኛው ሁሉ አባባን በክፉ ዓይን እያየው አለፈ።

አሁን በሥራ ቀን ምሳውን መነጽር ቤቱ ጓዳ ይዞ ይመጣል። ማሽኑን አስነሳለትና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ካሮቱንም ለውዙንም እንደልቡ ያደቃል፤ አንዱም አይሰማኝም። ባለፈው የሱቁ ባለቤት ድንገት ገብቶ «መስተዋት የለበትም እኮ፣ ምንድነው የምትሞርጂው?» ቢለኝ አባባ ቀድሞኝ «የኔን ምሳ ነው» አለው። ሰውየው ሳቀ፤ ነገ ግን የሚስቅ አይመስለኝም። ደግሞስ ራቱ አለ፣ እሑድ አለ። ቤት ውስጥ ማሽን የለኝ።

ደክሞኛል ወንድሜ። እሱን መጦር አይደለም ያደከመኝ፤ ለሱ ብጦም በወደድኩ። የወለደኝ አባቴ ሲበላ መስማት መጥላቴ ነው ያደከመኝ። ልጅ ሳለህ አንተና እሱ ብስኩት ይዛችሁ የማን አኝኮ የበለጠ እንደሚጮህ ትወዳደሩ ነበር፤ ወፍጮ ያለህም ለዚያ ነው። ከሱ ጋር እንዲያ የሚበላለት ሰው እፈልጋለሁ። ከርሞ አትበለኝ። ለአንድ ወርም ቢሆን ና። እናንተ ስትበሉ እኔ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ስትስቁ ልስማ።

አሁን የጽሑፌን ነገር ልንገርህ። ይህን ስጽፍልህ አባባ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ፣ ጥርሱን አድርጎ፣ የተጠበሰ ዳቦ እየበላ ነው። ጥጥ አላደረግኩም፤ ጥጥ ካየ ጥርሱን ያወልቃል። ውሃ ልቅዳ ብዬም አልነሣም፤ ከተነሣሁ ዳቦውን ይተወዋል። እስክሪብቶውን ሙጭጭ አድርጌ እጽፋለሁ። በየጉርሻው ቀና እያለ ፊቴን ያየኛል፣ እኔም ጎንበስ ብዬ እጽፋለሁ። ገና ግማሽ ዳቦ ስለቀረው ሌላ ሌላውን ላውራልህ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ሱቋን ቀለም አስቀባች፣ የሐኪም ቤት በር መስሎባት ተናዳለች። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያንጠባጥባል፤ እሱ እንኳን ምንም አይለኝም። የላክህልኝ ሹራብ እጁ ረዝሞብኛል፣ ግን ይሞቃል።

ጨረሰ። ፍርፋሪውን በጣቱ እየለቀመ ነው።

«ሌላ ልጨምርልህ?» አልኩት።

እኔን ሳይሆን ወረቀቱን አየ። «ቦታ ተርፎልሻል?»

«ጀርባው አለ።»

«እንግዲያው ጨምሪልኝ» አለኝ።

ይኸው ጀርባው ላይ ነኝ። ፈጣሪ ከክፉ ይጠብቅህ፣ ሥራህን ይባርክልህ፣ የምትመጣበትን መንገድ ያቅናልህ። የምትበላው አይጉደልብህ፣ አብሮህ የሚበላም አትጣ። ለባለቤትህ ሰላምታዬን ንገራት፣ ልጆቹን ሳምልኝ። ሌላም ብዙ እመርቅህ ነበር፤ ደግሞም እመርቅሃለሁ፣ ገና ሁለተኛውን ዳቦ መጀመሩ ነው።

የምትወድህ እህትህ
ጆሮ